ፒያኖውን ማን ይንካው?

ሁለት ስልክ አላችሁ? ከሌላችሁ አንዱን ከጓደኛ ተዋሱ። በሁለቱም ላይ ድምፅ የሚያመነጭ ነፃ መተግበሪያ ጫኑና አንዱን 440 ኸርዝ፣ ሌላውን 442 ኸርዝ ላይ አድርጋችሁ እኩል ክፈቷቸው። የምትሰሙት ሁለት ድምፅ አይደለም። አንድ ድምፅ ነው፤ ግን እየጎላ እየደከመ፣ «ዋው... ዋው... ዋው» እያለ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚተነፍስ ይመስላል። 442ቱን ወደ 441 ስታወርዱት ትንፋሹ ይዘገይና በሰከንድ አንዴ ይሆናል። 440 ላይ ስታደርሱት ቀጥ ይላል።

ይህን መጉላትና መድከም እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ትርታ» እለዋለሁ፣ እንደ ልብ ትርታ። ሁለት ሞገዶች አንዴ ሲደጋገፉ አንዴ ሲጣፉ የሚፈጠር ነገር ነው። እኔ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ በንዝረት ኮርስ ላይ ለፈተና አጥንቼው፣ ፈተናው ሲያልቅ ረስቼው ነበር። በኋላ ነው ይህ ትርታ በአውሮፓና በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የብዙ ዓይነ ስውራን እንጀራ እንደነበረ ያወቅሁት። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ «አትንኩ!» ከሚል ትእዛዝ ነው።

(ከአንዱ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወደ ፓሪስ እንሂድ። በ1771 ቫለንቲን ሃዊ የሚባል ሰው በአንድ የገበያ በዓል ላይ ሲዘዋወር፣ ዓይነ ስውራን አስቂኝ ኮፍያና ከካርቶን የተሠራ ትልልቅ መነጽር ተደርጎላቸው፣ ሙዚቃ የሚጫወቱ መስለው ሕዝብ ሲስቅባቸው ያያል። ነገሩ ከውስጡ አልወጣም። ከ13 ዓመት በኋላ በ1784 ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፍራንሷ ለሱየር የሚባል ዓይነ ስውር የኔ ቢጤ ወጣት አገኘና ላስተምርህ አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁ ሲማር የሚውል ከሆነ ምጽዋት አያገኝም፤ ቤተሰቡ ደግሞ በዚያ ነው የሚኖረው። ሃዊ በልመና ያገኝ የነበረውን ገንዘብ ከኪሱ ይከፍለው ጀመር። ዛሬ «የሥልጠና አበል» የምንለው ነገር ማለት ነው። ሥልጠና የሚያቋርጡ ሰዎችን «ፍላጎት የላቸውም» ከማለት በፊት ሃዊን ማስታወስ ደግ ነው።

ልጁ ጎላ ብለው የታተሙ ፊደላትን በጣቱ ማንበብ ቻለ። በ1785 ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ማንበብ፣ መቁጠር፣ ሙዚቃ፤ ከዚያ ደግሞ ሙያ። ምን ዓይነት ሙያ? ጥጥ መፍተል፣ ገመድ መግመድ፣ ሹራብ መሥራት፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ማገዝ። በሌሎች አገሮች በኋላ የተከፈቱትም ትምህርት ቤቶች ቅርጫት፣ ብሩሽና ምንጣፍ ጨመሩበት።

ሥራዎቹን አልንቅም፤ ቅርጫት መሥራት ጥበብ ነው። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። አንድ የሚያይ ሰው ቁጭ ብሎ «ዓይን ባይኖረኝ ምን መሥራት እችል ነበር?» ብሎ ራሱን ጠየቀና ወዲያው የመጣለትን ያዘ። የመጣለት ደግሞ ቀላሉና ርካሹ ነው። በዚያ ላይ ዘመኑ የፋብሪካ ዘመን እየሆነ ነበር። የመፍተያ ማሽን በመጣበት ሰዓት ወጣትን እጅ በእጅ መፍተል ማሠልጠን፣ ገና ሳይመረቅ ከገበያ ማስወጣት ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው በዋጋው ሳይሆን በርኅራኄ ይሸጥ ጀመር። ርኅራኄ ደግሞ ደመወዝ አይሆንም።

አሁን ወደ ባለታሪካችን። ክሎድ ሞንታል በ1800 ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በሕመም ዓይኑ ጠፋ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ፓሪስ ወደሚገኘው ወደዚሁ ትምህርት ቤት ገባ። በ1819 ደግሞ የኮርቻ ሠሪ ልጅ የሆነው ሉዊስ ብሬል እዚያው ገባ። አዎ፣ ያ ብሬል። ሁለቱም በአንድ ግቢ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ዓለም ብሬልን ያውቃል፤ ሞንታልን ከፒያኖ ሰዎች ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ትምህርት ቤቱ ፒያኖዎች ነበሩት፤ የሚቃኛቸው የሚያይ ባለሙያ በየጊዜው ይመጣል። «ቅኝት» ስል ትዝታና ባቲ ትዝ ካላችሁ ትንሽ ቆዩኝ፤ እዚህ የማወራው እያንዳንዱን ሽቦ በትክክለኛው ቁመት ላይ ስለ መወጠር ነው። ሞንታልና ቱራስ የሚባል ጓደኛው ይህን ሥራ ራሳቸው መሞከር ፈለጉ። ፒያኖውን ከፍተው መነካካት፣ መፍታት፣ መግጠም ጀመሩ። ቃኚው ሲያውቅ ተናደደና ለዳይሬክተሩ ለዶክተር ፒኚዬ አቤት አለ። ዳይሬክተሩም ልጆቹን ከለከለ። ሁለተኛ እንዳትነኩ!

በቃ፣ ብዙዎቻችን ብንሆን እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው። እነሱ ግን አንድ አሮጌ ፒያኖ አገኙ። ማንም «ተበላሸ» ብሎ የማይጮህበት ዕቃ ነው። በጣታቸው እየዳሰሱ ፈቱት፣ የተሰበረውን ጠገኑ፣ መልሰው ገጠሙ፣ ቃኙት። ፒኚዬ መጥቶ ሲሰማው አሳቡን ቀየረ። የትምህርት ቤቱን ፒያኖዎች የመንከባከብ ሥራ ለእነሱ ሰጠ። ለዚህ ሰው አንድ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ከልክሎ ተሳስቶ ነበር፣ ማስረጃ ሲያይ ግን ክልከላውን አነሳ። ይህን የሚያደርግ አስተዳዳሪ በየትኛውም ዘመን ብርቅ ነው።

እስኪ ሥራውን ራሱን እንየው። ፒያኖ ውስጥ፣ ቁልፉን ስትጫኑ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ መዶሻ ተነሥቶ ሽቦ ይመታል። ለአብዛኛው ድምፅ አንድ ሽቦ አይበቃም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጎን ለጎን ይወጠራሉ። የዛሬ ፒያኖ 88 ቁልፍና ከ200 በላይ ሽቦ አለው፤ የውጥረቱ ድምር ከ15 ቶን ያልፋል። ቃኚው አንዱን ሽቦ በሽብልቅ ዝም ያሰኘዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያስመታና ትርታቸውን ይሰማል። የመቃኛውን ቁልፍ በጥቂቱ ሲያዞር ትርታው ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። ስልካችሁ ላይ ያደረጋችሁት ይህንን ነው።

ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ የተለያዩ ድምፆችን እርስ በርስ ማስማማት ነው። ሙዚቀኞች «አምስተኛ» የሚሉት ርቀት አለ፤ ላይኛው ድምፅ የታችኛው 1.5 እጥፍ ሲሆን ፍጹም ጥርት ይላል። ታዲያ 12 ጊዜ በ1.5 እያባዛችሁ ብትወጡ፣ ከተነሣችሁበት ድምፅ ጋር ስሙ አንድ የሆነ፣ በሰባት እርከን ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ትደርሳላችሁ። እያንዳንዱ እርከን እጥፍ ስለሆነ ድምሩ 128 እጥፍ መሆን ነበረበት። ካልኩሌተር አውጡና 1.5ን 12 ጊዜ አባዙት፤ 129.7 ነው የሚመጣው። አይገጥምም! የማንም ስሕተት አይደለም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው አይገጥሙም። ስለዚህ ቃኚው ትርፏን በአሥራ ሁለቱ ላይ አካፍሎ እያንዳንዱን አምስተኛ ሆን ብሎ በጥቂቱ ማጥበብ አለበት።

በስንት? እዚህ ላይ ነው ትርታ መለኪያ የሚሆነው። ከ220 ኸርዝ ተነሥታችሁ አምስተኛውን ስትቃኙ፣ ትርታው መቆም የለበትም፤ በአራት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሦስት ጊዜ ያህል መተንፈስ አለበት። ከዚያ ከፈጠነ በዝቶባችኋል፣ ከዘገየ አንሷል። ዓይን በየት በኩል ገባ? በየትም። ሰዎች «ዓይነ ስውር ጆሮው ይሰላል» እያሉ ነገሩን ተአምር ያደርጉታል። ትርታን ግን እናንተም አሁን ሰምታችኋል። የሚያስፈልገው ምን ማዳመጥ እንዳለበት የሚያሳይ መምህር፣ ብዙ ሰዓት ልምምድና የሚፈታ ፒያኖ ነው። ሞንታል ያደረገው ይህንን ነው፤ የሥራውን ጥያቄ ከሥራው ሰዎች ልማድ ለየው። ቃኚዎች ሁሉ የሚያዩ ስለነበሩ ብቻ መቃኘት ዓይን የሚፈልግ ይመስል ነበር።

በ1830 ሞንታል ትምህርት ቤቱን ለቆ ፓሪስ ውስጥ በራሱ መሥራት ጀመረ። ችሎታ ነበረው፤ ደንበኛ አልነበረውም። ውድ ዕቃውን ለዓይነ ስውር የሚሰጥ ማን አለ? ኋላ አንድ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ መምህር ሁለት የተለያዩ ፒያኖዎች አብረው እንዲጫወቱ እኩል ቃኝልኝ አለው፤ ፈተና መሆኑ ነው። ሁለት ፒያኖ የተሠራበት እንጨትና ሽቦ ሲለያይ ማስማማቱ ለማንም ያስቸግራል። ሞንታል አስማማቸው። መምህሩ ተገርሞ ለሌሎች ነገራቸው፣ ሥራ መጣ። በ1836 ደግሞ ሰው ፒያኖውን ራሱ መቃኘት የሚማርበትን መጽሐፍ አሳተመ። አስቡት እንግዲህ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት «አትንኩ» የተባለው ሰው የሚያዩትን ሰዎች እንዴት እንደሚነካ ሲያስተምር። በኋላ ፒያኖ ሠሪ ሆነ፣ በኤግዚቢሽኖች ሜዳሊያ አገኘ፣ በ1851 የፈረንሳይን የሌጅዮን ዶነር ክብር ተሸለመ።

የአንድ ሰው ጀግንነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። የፓሪሱ ትምህርት ቤት ነገሩን ወደ መደበኛ ሥልጠና ቀየረው፣ ከሌላ አገር የመጡም ያዩ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ ቶማስ አርሚቴጅ የሚባል፣ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ በመሄዱ ሕክምናን የተወ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እሱ ባደረገው ንጽጽር በፓሪስ በሙዚቃ ሙያ ከሠለጠኑት 30 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፤ በብሪታንያ ግን ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞላም። ተፈጥሮ ያው፣ ፒያኖ ያው፣ ጆሮ ያው። የተለያየው ሥልጠናው ነው።

አርሚቴጅ ፍራንሲስ ካምቤል ከሚባል ዓይነ ስውር አሜሪካዊ መምህር ጋር ሆኖ በ1872 ለንደን ውስጥ ኮሌጅ ከፈተ። የካምቤል ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ተማሪዎቹን መዋኘትና በበረዶ ላይ መንሸራተት ያስተምር ነበር፣ እሱ ራሱ በ1880 ሞን ብላን ተራራን ወጥቷል። ሰዎች «ይህ ከፒያኖ ጋር ምን አገናኘው?» ሊሉ ይችላሉ። ቃኚ እኮ ቤት ለቤት ነው የሚሠራው! መንገድ መሻገር፣ ደረጃ መውጣት፣ በማያውቀው ሳሎን ውስጥ ሳይፈራ መንቀሳቀስ አለበት። እጁን አሠልጥነህ እግሩን ካሰርከው ሥራው ቦታ አይደርስም።

አሜሪካ ቦስተን ያለው የፐርኪንስ ትምህርት ቤት (ሄለን ከለር በኋላ የተማረችበት) ሌላ ነገር ጨመረ። በ1877 ከከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር ተዋውሎ ከመቶ በላይ የሆኑ ፒያኖዎቻቸውን የመቃኘት ሥራ ወሰደ። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁሉም ብልሁ እርምጃ ይህ ነው። ሰርተፊኬት ይዞ በየበሩ «ማየት አልችልም፣ ግን ሞክሩኝ» ማለት ሞንታል ያየው መከራ ነው። ውሉ ግን የከተማውን ልጆች ሁሉ፣ ወላጆቻቸውንም ጭምር፣ የዓይነ ስውራንን ሥራ በየቀኑ አሰማቸው። ማሠልጠኛው የመጀመሪያውን ደንበኛ ራሱ ፈለገ ማለት ነው።

እና ሁሉም ነገር ተስተካከለ? አልተስተካከለም። በር የነበረው ነገር እያደር ግድግዳ ሆነ። «ዓይነ ስውር ነህ? እንግዲያው ቃኚ ትሆናለህ» ማለት ተለመደ፤ ሙዚቃ የማይወደው ልጅም፣ ሒሳብ የሚወደው ልጅም። በብዙ ቦታ ደግሞ ይህ ለወንዶች ነበር፤ ሴቶች ልጆች እነዚያው ሹራብና ወንበር መጎንጎን ላይ ቀሩ። በአሜሪካ በ1909 ብቻ ከ360 ሺህ በላይ ፒያኖ ተመርቶ ነበር፤ ከዚያ ግራሞፎንና ሬዲዮ መጡ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቀረው ምርት የዚያ ትንሽ ክፍልፋይ ነበር። አንድ ሙያ ብቻ የተማረ ሰው ሙያው ሲታመም አብሮ ይታመማል። ቅርጫትና ብሩሽ የሚሠሩት ወርክሾፖችም ቢሆኑ አልጠፉም። እንዲያውም በ1938 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ለአካል ጉዳተኞች ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች መክፈልን ፈቀደ።

በዚህ መካከል ጥያቄውን ከሌላ ጫፍ ያነሱት መሐንዲሶች ናቸው። ሄንሪ ፎርድ በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ ፋብሪካው ውስጥ ያሉ 7,882 የሥራ ዓይነቶች አንድ በአንድ እንደተመረመሩ ይናገራል። 2,637ቱ አንድ እግር ባለው ሰው፣ 670ው ሁለት እግር በሌለው፣ 715ቱ አንድ እጅ ባለው ሊሠሩ ይችላሉ ተባለ። የሰውየውን ጉድለት ከመቁጠር ሥራው የሚጠይቀውን መቁጠር፤ እንደ መሐንዲስ ደስ ይለኛል። ግን ዝርዝሩን ቀጥሉ፤ ለዓይነ ስውራን የተገኙት ሥራዎች ስንት ናቸው? 10። ከ7,882 ውስጥ አሥር! እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ፎርድ ብሎንና ዳዶ እንዲቆጥር ስለተመደበ ዓይነ ስውር ሠራተኛ ይነግረናል። በሁለት ቀን ውስጥ አለቃው መጥቶ ከዚህ በፊት ሲቆጥሩ የነበሩትን ሁለቱን የሚያዩ ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱልኝ አለ፤ የሦስቱንም ሥራ አንዱ ይሠራዋልና። ለመሆኑ ያንን «10» ብሎ የጻፈው ማን ነው? ክሊፕቦርድ የያዘ፣ የሚያይ ሰው ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ያ ሰው በ1820ዎቹ ፓሪስ ቢኖር ኖሮ ከፒያኖ ቃኚ ሥራ ጎን «ዓይን ያስፈልጋል» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ወደ አገራችን ስመጣ፣ በጆሮና በቃል መሠልጠን ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ስለሆነ ሥርዓቱ ራሱ በሩን አልዘጋባቸውም። የቴክኒክና ሙያ ወርክሾፕ ግን ሌላ ዓለም ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 (ይህ ዓመት የእኛ ነው) አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ወረቀቱ አለ። ወርክሾፑ በር ላይ ስትደርሱ ግን የምትሰሙት ያንኑ የፓሪሱን ድምፅ ሊሆን ይችላል።

እኔ ሰምቼዋለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ለጥቂት ወራት ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ ዓይኑ በጣም የደከመ አንድ ሠልጣኝ ነበረን። ቶርኖ ማሽኑን ልንካው አለ። አሠልጣኙ «አደጋ ነው፣ አንተ ማስታወሻ ያዝ» አሉት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ምንም አላልኩም፤ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፣ ግን እንዲያ ነው የሆነው። አደጋው እውነት ነው፤ የሚሽከረከር ብረት ለማንም አይራራም። ግን ማብሪያና ማጥፊያ የተሠራው ለምንድን ነው? በሌላ አገር ዓይነ ስውራን የብረት ሥራ ባለሙያዎች በጥቂቱ በሄደ ቁጥር ጠቅ የሚል፣ በጣት የሚቆጠር ማስመሪያ ይዘው ሲሠሩ ኖረዋል። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ በምሳ ሰዓት ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ጠራሁት። «እሺ፣ ንካው» አልኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ዳሰሰ። ከዚያ የመቁረጫውን መያዣ ወዲህ ወዲያ የሚያስኬደውን እጀታ ወደ ፊት አዞረው፣ ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ።

«ወንድሜ፣» አለኝ፣ «አቅጣጫ ስቀይር መጀመሪያ ባዶውን ነው የሚዞረው። ከዚያ ነው የሚይዘው። ይሄ ብልሽት ነው ወይስ እንዲህ ነው የተሠራው?»

በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለ ክፍተት ነው። ካላወቃችሁት የምትቆርጡት ልክ ሁልጊዜ ይስታል። ለሚያዩት ሠልጣኞች ቁጥሩን ከእጀታው ላይ እንዲያነቡ ብቻ ነበር የነገርናቸው፤ ይህን ጥያቄ አንዳቸውም አልጠየቁም ነበር። ምሳዬን ሳልበላ ማብራራት ጀመርኩ።